የወደቀውን ሰው አትንኩት? ስለ ክርስቲያናዊ ፍቅር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፍቅር የልብ ነው፤ ልቤ ካዘነለት ይበቃል»

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ያልሰማ የለም። የሰውየውን ሥራ አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። «አዘነለት» የሚለው ቃል አንዴ ብቻ ተጽፎ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሥራ ነው። ቀረበ፤ ቁስሉ ላይ ዘይትና የወይን ጠጅ አፈሰሰ፤ አሰረለት፤ በራሱ አህያ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ሲጠብቀውም አደረ። በማግሥቱ ሁለት ዲናር አውጥቶ ለባለ ቤቱ ሰጠ። አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ዋጋ ነበር፤ በማቴዎስ 20 የወይኑ ቦታ ሠራተኞች የተዋዋሉት በዚሁ ሂሳብ ነው። የሁለት ቀን ድካሙን ከፈለ ማለት ነው። በዚህም አላበቃም፤ «ከዚህ በላይ የምትከስረውን ስመለስ እከፍልሃለሁ» ብሎ ዕዳ ገባ።

እኛ ጋ እርዳታ የሚከሽፈው በሁለተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ ታማሚው ተሸክሞ ሆስፒታል የሚያደርሰው አያጣም። ለሳምንቱ ቀጠሮ የሚወስደው፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚገዛለት ግን ይጠፋል። የብዙ ዕድሮች ድንኳንና ወንበር፣ ድስትና ብረት ምጣድ ለሞተ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ለታመመው ግን ተራ የወጣለት ጠያቂ እንኳ የለውም። ሁለት ሰው ለቀጠሮ፣ አንድ ሰው ለመድኃኒት፣ አንድ ሰው ደግሞ ለልጆቹ ምሳ ብሎ ከመጀመሪያው ቀን መመደብ ከባድ ሥራ አይደለም።

«ሕመሙ የኃጢአቱ ቅጣት ነው»

ደቀ መዛሙርቱም እንዲሁ ያስቡ ነበር። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአት የሠራው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ እሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ጌታ ነገራቸው (ዮሐንስ 9)። የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎችም በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ የከፉ ኃጢአተኞች አድርገው እንዳያስቡ አስጠንቅቋል (ሉቃስ 13)። እንዲህ ተጽፎ ሳለ «የማን እርግማን ይሆን?» እያለ ታማሚ የሚጠይቅ ሰው፣ ብርቱካን ይዞ ቢገባም ቤቱን አሳዝኖ ይወጣል።

ሥጋ ደዌን ብዙ ሰው ዛሬም በዘር ይወርዳል ይላል። በሽታው የሚመጣው በባክቴሪያ ነው፤ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ ታማሚው መድኃኒቱን ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉ ይቀራል። በማቴዎስ 8 ጌታ ለምጻሙን እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። እዚያው ምዕራፍ ላይ የመቶ አለቃውን ብላቴና ባለበት ሆኖ በቃሉ ብቻ ፈውሶታል። ለምጻሙንም በቃል መፈወስ ይችል ነበር፤ ማንም የማይነካውን ሰው ግን ነካው።

«የሚጥል በሽታ በአረፋ ይጋባል፤ ክብሪት አሽቱት»

ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይኼኛው ነው። የሚጥል በሽታ በአረፋም በምራቅም በመነካካትም አይተላለፍም። የአንጎል ሴሎች ለአፍታ ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲልኩ የሚከሰት ነው። ሰው «ይጋባብኛል» ብሎ በመሸሹ ምክንያት ግን እሳት ላይ የወደቀ ሰው አውጪ አጥቶ ይቃጠላል። የክብሪቱ ጭስ የሚጠቅመው ነገር የለም፤ መተንፈስ የተቸገረን ሰው ይብሱን ያስጨንቃል።

በቅዳሴ መሀልም ይሁን በገበያ፣ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ ሰዓት ይታይ። እሳት፣ ድንጋይና ስለት ያለው ነገር ከአጠገቡ ይራቅ፤ ከጭንቅላቱ ሥር የታጠፈ ነጠላ ወይም ጋቢ ይደረግ፤ አንገቱን ያጠበቀው ነገር ይላላ። እጅና እግሩን አጥብቆ መያዝ መገጣጠሚያ ያወልቃል። ጥርሱ መሀል ማንኪያ ማስገባት ጥርስ ይሰብራል፤ ምላሱን ይውጣል የሚባለውም አይሆንም። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ይተኛ፤ ምራቁ ወደ ውጭ እንዲፈስ ነው። በደንብ ሳይነቃ ውኃ፣ ጸበልም ቢሆን፣ አፉ ውስጥ አይጨመር፤ ወደ ሳንባ ይገባል። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቅ ከሆነ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ሲነቃ ግራ ይገባዋል፤ ልብሱም ረጥቦ ሊሆን ይችላል። ነጠላ አልብሶ ከበው የቆሙትን መበተን ከእርዳታው አንዱ ክፍል ነው።

«ጸበል የጀመረ መድኃኒት ያቁም»

በቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀውም ይናገራል። የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ትተው ጸበል ቦታ ይሰፍሩ በነበረበት ጊዜም የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል። ሲቋረጥ የሚሆነው ይታወቃል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲቆራረጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ደግሞ በሽታው ያለ ፋታ ሊደጋግም ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። ከጸበልና ከጾም ሰዓት ጋር የተጋጨ የመዋጫ ሰዓት ካለ፣ ለሐኪሙም ለንስሐ አባትም ቀድሞ ይነገር፤ የመዋጫውን ሰዓት ማስተካከል የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ይቅር ካለች ትመለስ፤ ዝም ትበል»

ባሏ የሚመታት ሚስት ይቅር ማለቷ ሌላ፣ ተመልሳ ለዱላ መቀመጧ ሌላ ነው። ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል (ዮሐንስ 18)። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ታስሮ «በስውር ሊያወጡን ነው?» ብሎ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጧቸው አድርጓል (የሐዋርያት ሥራ 16)። ማቴዎስ 18 ላይ ያለው ሥርዓትም በደልን የሚሸፋፍን አይደለም፤ መጀመሪያ ለብቻ ንገረው፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ እንቢ ካለ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ይላል። ሰባ ጊዜ ሰባት የሚለው ቃል የተነገረው ከዚህ ሥርዓት ቀጥሎ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ለሽምግልና የተቀመጠ ሰው ሚስትን ባሏ በሌለበት ለብቻዋ ይስማት። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ «ይቅር ብለሻል?» ቢሏት ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ስንት ጊዜ እንደመታት፣ በምን እንደመታት፣ አንቋት ያውቅ እንደሆነ፣ ለልጆቹም እጁን አንስቶ እንደሆነ ይጠይቃት። አንገቷን አንቋት የሚያውቅ ከሆነ፣ ዕርቁ ይቆይና ዛሬ ማታ የምታድርበት ቤት ይፈለግ።