አሮጌው ዲስክ ሲነቀል ለምን አይነሳም?

ሰሞኑን ሦስት ሰው ያንኑ ጠየቀኝ። «ዊንዶውሱን አዲሱ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ላይ ገለበጥኩት፣ አሮጌውን ስነቅለው ግን ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ «ሲ» ድራይቭ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው ሌላ ትንሽ ክፍል አለ፤ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት አካባቢ ናት። እንደ «ሲ» ያለ መጠሪያ ፊደል ስለሌላት አትታይም። «ሲ»ን ብቻ የገለበጠ ሰው ዕቃውን ይዞ ቤት ቀይሮ ቁልፉን አሮጌው ቤት ረሳ ማለት ነው።

ፒያሳ የሚሠራ ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሁለቱ ዲስኮች አብረው ሲሰኩ ሰላም፤ አሮጌውን ነቅሎ ለእህቱ ሊሰጣት ሲል ጥቁር ስክሪን። ዲስክ ማኔጅመንትን (የዲስክ ክፍሎችን የሚያሳየውን የዊንዶውስ መሣሪያ) ስንከፍት ያቺ ትንሽ ክፍል ያለችው አሮጌው ላይ ብቻ ነው። «ሲ»ን ብቻ መገልበጡን ትተን ሙሉ ዲስኩን እንደገና ገለበጥን። ከዚያ አሮጌውን ነቅለን አስነሳነው። ተነሳ። (ያኔውኑ አሮጌውን ፎርማት አለማድረጉ በጀው።)

ቀጥሎ ደግሞ ከየት መጣ የማይባል «ኢ» ድራይቭ ብቅ አለ። «ቦታ ሞልቷል» እያለ ይነዘንዛል። እሱ የዊንዶውስ መጠገኛ ክፍል ነው፤ በስህተት ፊደል ተሰጥቶት ነው የታየው። እንዳትሰርዙት። ፊደሉን ብቻ አንሱለት፣ ይጠፋል።

እስከዚህ ያለው ዊንዶውስ 10 እና 11 ባላቸው በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ያው ነው። የሚለያየው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) መግቢያ ቁልፉ ነው፤ አንዱ ኤፍ2፣ ሌላው ዲሊት ይላል። በጣም የቆዩ ማሽኖች አነሳሳቸውም ሌላ ነው።