ሙሉ ረድፍ ማቅለም፦ ቀይ እስክሪብቶ የማያስፈልገው መዝገብ

በትልቁ መዝገብ የሠራ ሰው የቀይ እስክሪብቶን ነገር ያውቃል። ዕዳ ያለበት ሰው ስም ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሰመራል። ሰውዬው ሲከፍል ግን ቀዩ አይለቅም። ኤክሴል ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፣ ማለትም ሁኔታውን አይቶ ሴሏን (የሠንጠረዡን አንድ ሣጥን) በራሱ የሚያቀልመው መሣሪያ ነው። ዕዳው ሲዘጋ ቀለሙም በራሱ ይጠፋል።

መሣሪያው የመጣው ከኤክሴል 97 ጋር ነው። ያኔ ለአንድ ሴል ከሦስት በላይ ሁኔታ መስጠት አይቻልም ነበር። ገደቡን ኤክሴል 2007 አነሳው። ጉግል ሺትስና ሊብረ ኦፊስም አላቸው። አንዷን ሴል ብቻ ለማቅለም ከሜኑ መርጦ መጨረስ ይቻላል። ረድፉን በሙሉ ለማቅለም ግን ቀመር መጻፍ ግድ ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያለ የአንድ ቀበሌ የማዳበሪያ ዝርዝር እንውሰድ። ኤ ላይ የገበሬው ስም፣ ቢ ላይ ጎጡ፣ ሲ ላይ የወሰደው ኩንታል፣ ዲ ላይ የመክፈያው ቀን፣ ኢ ላይ «ከፍሏል» ወይም «አልከፈለም»። ሰዉ 300 ነው፤ ርእሱ ረድፍ 1 ላይ ስላለ ስሞቹ ከ2 እስከ 301 ይወርዳሉ። ከኤ2 እስከ ኢ301 ምረጡ። ሆም ላይ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግን፣ ከዚያ ኒው ሩልን ከፍታችሁ መጨረሻ ላይ ያለውን፣ በፎርሙላ የሚሠራውን ምርጫ ያዙ። ጉግል ሺትስ ላይ ፎርማት ውስጥ ገብታችሁ ከሁኔታዎቹ ግርጌ ከስተም ፎርሙላን ታገኛላችሁ። ከዚያ ይህን ጻፉ (የዓምዱን ፊደል በላቲን ነው የምትተይቡት)፦

=$ኢ2="አልከፈለም"

ጨዋታው ያለው ዶላሯ ($) ላይ ነው። ቀመሩ የተጻፈው ለመጀመሪያዋ ሴል፣ ለኤ2 ነው። ሌሎቹ ሴሎች ከእሷ ባላቸው ርቀት ልክ ያነቡታል። ዶላሯ ባትኖር ኤ2 ኢ2ን ታያለች፤ ቢ2 ግን ኤፍ2ን፣ ሲ2 ደግሞ ጂ2ን ታያለች። እዚያ ምንም ስለሌለ ስሙ ብቻ ይቀላና ኩንታሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዶላሯ ፊደሉ ፊት ስትገባ ሁሉም ኢን ይጠይቃሉ። አብዝታችሁ 2 ላይም ዶላር ከጨመራችሁ ደግሞ 300ውም ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ገበሬ ይሆናል። እሱ ካልከፈለ ቀበሌው በሙሉ ቀይ ይለብሳል። እሱ ከከፈለ ሁሉም ነፃ!

እኔ የተሸወድኩት በሌላ ነው። ርእሱን ጨምሬ ከኤ1 ጀምሬ መረጥኩ፤ ቀመሩ ላይ ግን 2 ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙ አንድ ረድፍ ወደ ላይ ተንሸራተተ። ስደውል ያነሱት ሽማግሌ «ልጄ፣ ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው» አሉኝ። ያልከፈለው ከእሳቸው ሥር ያለው ሰው ነበር።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ሁለት ተጨማሪ ወጥመድ አለ። አንዱ ፊደል ነው። ለእኛ «ጸድቋል» እና «ፀድቋል» አንድ ነው፤ ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያየ ቃል ነው። «ከፍሏል» እና «ከፍሎአል»ም እንዲሁ። ከቃሉ ኋላ ሳይታወቅ የገባች ባዶ ቦታም ትበቃለች፤ ረድፉ ዝም ይላል። መድኃኒቱ ሰው እንዲጽፍ አለመተው ነው። በዳታ ቫሊዴሽን ተቆልቋይ ዝርዝር አድርጉለትና ይምረጥ።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያችን ነው፤ ብዙ ሰዓት የሚበላውም እሱ ነው። ቀኑ አልፎ ያልከፈለውን ብቻ ለማቅለም ቀመሩ እንዲህ ይሆናል (ኤንድ፣ AND፣ ሁሉም ሲሟላ ማለት ነው፤ ቱዴይ፣ TODAY፣ የዛሬን ቀን ይሰጣል፤ ሁለቱንም በላቲን ተይቡ)፦

=ኤንድ($ዲ2<ቱዴይ(),$ዲ2<>"",$ኢ2="አልከፈለም")

መሐል ያለችው ቁራጭ ለባዶ ቀን ናት። ኤክሴል ባዶን እንደ ዜሮ ስለሚቆጥር፣ እሷ ከሌለች ቀን ያልተሞላለት ሁሉ ቀኑ እንዳለፈ ይቆጠራል። ቱዴይ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። በኛ አቆጣጠር 2017 ብላችሁ ከጻፋችሁ ለእሱ ዓመታት ያለፈው ቀን ነው፤ ሺቱ ደም ይመስላል። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ኤክሴል ጽሑፍን ከማንኛውም ቁጥር ስለሚያስበልጥ ያ ረድፍ በጭራሽ አይቀላም። ጳጉሜንማ ተዉት፤ 13ኛ ወር አያውቅም። የሚያዋጣው ሁለት ዓምድ መያዝ ነው፦ የኛ ቀን ለሰው እንዲነበብ በጽሑፍ፣ የፈረንጁ ለቀመሩ።

ሕግ ሲበዛ ቅደም ተከተሉን ማኔጅ ሩልስ ውስጥ እዩት፤ ሁለት ሕግ በአንድ ቀለም ላይ ሲጋጭ ከላይ ያለው ያሸንፋል። ረድፍ ኮፒ ፔስት ሲበዛም ሕጉ እየተሰነጣጠቀ እዚያው ገጽ ላይ ይከመራል፤ አልፎ አልፎ ማጽዳት ነው። ወረቀት የሚፈልግ አለቃ ካለባችሁ ደግሞ ቀለሙን ፈዘዝ አድርጉት። በጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ደማቅ ቀይ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይወጣና ስሙን ይውጠዋል።