አፖካሊፕስ ወርልድ ላይ የድብድብ ህጎች እንዴት ይነበባሉ፦ ከአባይ ድልድይ ምሳሌ ጋር

አፖካሊፕስ ወርልድ ጠረጴዛ ከበው በወሬ የሚጫወቱት ጌም ነው፣ ስክሪን የለው ቦርድ የለው፣ አራት አምስት ሰው ቁጭ ይልና አንዱ መሪ ይሆናል (ኤምሲ ነው የሚሉት)፣ ሌላው አንድ አንድ ገፀባህሪ ይይዛል፣ ከዛ አለም ከጠፋች በኋላ የተረፈው ሰው እንዴት እንደሚኖር እየተነጋገሩ ይሄዳሉ። ቪንሰንት ቤከር በ2010 እ.ኤ.አ. አወጣው፣ ሁለተኛው እትም 2016 ላይ ነው። ዳይሱ ሁለት ተራ ባለ ስድስት ፊት ስለሆነ የሉዶው ይበቃል። መጽሐፉ የተዘጋጀ ካርታ ስለማይሰጥም ጎጃም ላይ ለሚጫወት ሰው ቦታ አይቸግርም፣ ጮቄ አለ፣ የጣና ደሴቶች አሉ፣ አባይ በረሃ አለ።

ህጉ ሙቭ በሚባሉ ነገሮች ነው የተሰራው፣ ማለትም ገፀባህሪው አንድ ነገር ሲያደርግ በሚነሱ ትናንሽ ህጎች። ሁለቱን ዳይስ ትጥልና የገፀባህሪህን ቁጥር ትደምራለህ፣ ለድብድብ ብዙ ጊዜ ሃርድ የሚባለውን። 10 እና ከዛ በላይ ጥሩ ነው፣ ከ7 እስከ 9 ይሳካል ግን ያስከፍላል፣ 6 እና ከዛ በታች ከሆነ መሪው የፈለገውን ያህል ከባድ ነገር ያመጣብሃል። ቁጥርህ 0 ከሆነ ከ36ቱ አወዳደቅ 15ቱ ውድቀት ነው፣ +2 ከሆነ ግን 6 ብቻ፣ ስለዚ ሃርዱ ደካማ የሆነ ሰው ቦታውን አውቆ ቢጣላ ይሻላል።

ክርክር የሚበዛው ግን ቁጥሩ ላይ አይደለም፣ የትኛው ሙቭ ነው የሚለው ላይ ነው። ሙቭ የሚነሳው ገፀባህሪው ባደረገው ነገር እንጂ ተጫዋቹ ስሙን ስለጠራው አይደለም፣ ያንን ነገር ካደረግክ ዳይሱን መጣልህ ግዴታ ነው፣ ካላደረግክ ደግሞ ዳይሱን አትነካውም።

እንበልና ከደጀን ቁልቁል ወርደህ አባይ ድልድይ ላይ ቀረጥ የሚበላ ቡድን ቆሟል፣ አንተ ጨው ጭነሃል። «ምንሽሬን ደገንኩና ዞር በሉ አልኳቸው» ትላለህ። እዚህ ላይ ጎበዝ መሪ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፣ «እምቢ ቢሉህ የምር ትተኩሳለህ?» አዎ ካልክ ጎ አግሮ የሚባለው ሙቭ ነው፣ የምር በጉልበት ዝቶ ማስገደድ። ለማስፈራራት ብቻ ከሆነ ግን ያ ጎ አግሮ አይደለም፣ ሰውን ማግባባት ማታለል የሚባለው ሙቭ ነው፣ ቁጥሩም ሃርድ ሳይሆን ሆት የሚባለው ሌላ ቁጥር ነው። በኔ እይታ የዚህ ጌም ድብድብ ግማሹ ይቺ ጥያቄ ናት።

ጎ አግሮ ላይ 10 የወጣለት ሰው አሸነፍኩ ብሎ ይነሳል፣ ኧረ ቁጭ በል ነው መልሱ። የሚመርጠው የተደገነበት ሰውዬ ነው፣ ወይ ያልከውን ይሰራል ወይ ጥይቱን ይቀበላል። እኛ አገር ደግሞ «ወንድ ከሆንክ ተኩስ» የሚል አይጠፋም፣ እና እንደዛ ካለ ተኩሰሃል፣ ሀሳቤን ቀየርኩ የለም። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ለሰውዬው ሌላም መውጫ ይጨመርለታል፦ ከመንገድህ መሸሽ፣ ገብቶ መመሸግ፣ እጁን እያሳየ ቀስ ብሎ ማፈግፈግ፣ የምትፈልገው የመሰለውን ነገር መስጠት፣ ወይ መስማት የምትፈልገውን መናገር።

እነሱም መሳሪያ ይዘው ተዘጋጅተው ድልድዩን ልትቀማ ከገባህ ግን ነገሩ ተቀይሯል፣ በጉልበት መንጠቅ ነው፣ ሲዝ ባይ ፎርስ። ሁለታችሁም ትጎዳዳላችሁ፣ ዳይሱ የሚሰጥህ ምርጫ ነው፣ 10 ሲወጣ ሶስት፣ ከ7 እስከ 9 ሁለት፦ የፈለግከውን የማያከራክር አድርጎ መያዝ፣ ጉዳትህን መቀነስ፣ ጉዳታቸውን መጨመር፣ ጠላትን ማስደንገጥ። ጠብ የሚነሳው መያዝ የሚለውን ያልመረጠ ሰው ላይ ነው። «ሁሉንም ገደልኳቸው እኮ፣ ማን ነው የሚከለክለኝ?» ይላል። ድልድዩ ሁለት ጫፍ አለው ወንድሜ፣ ከጎሃ ጽዮን በኩል ሌላ ሰው ይመጣል፣ ወይ ጨውህ ወንዝ ገብቷል። ካልመረጥከው በእጅህ ነው ማለት አትችልም፣ መሪው ይሄን በነጻ ከሰጠ ምርጫው ራሱ ትርጉም ያጣል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የመሳሪያው ጉዳት ሲቀነስ የለበስከው መከላከያ። የአደን ጠመንጃ 2 ነው፣ ሩቅ ይመታል፣ ይጮሃል፣ ምንሽርን እዛ ላይ መመደብ ያስኬዳል። ገጀራ 3 ነው ግን እጅ በእጅ ብቻ። ገጀራ ይዘህ ጉዳት መጨመር ከመረጥክ 4 ይሆናል፣ 1 መከላከያ ለለበሰ ሰው 3 ይደርሰዋል፣ ያ ለተራ ሰው ሞት ማለት ይቀርበዋል። ብቻህን ከቡድን ጋር ከገጠምክ ግን በመጠን አንድ ደረጃ በበለጡህ ቁጥር የሚያደርሱብህ ጉዳትም መከላከያቸውም በ1 ይጨምራል፣ ብዙ ጀግና የሚያልቀው ይሄን ረስቶ ነው።

የተጫዋች ገፀባህሪ ቁስል ወረቀት ላይ በተሳለ ሰዓት ነው የሚቆጠረው። እስከ 6 ያለው ራሱ ይድናል፣ ከ6 እስከ 9 ባለበት ይቆያል፣ ከ9 ካለፈ ካልታከመ እየባሰ ይሄዳል፣ 12 መጨረሻው ነው። በኛ አቆጣጠር 12 ፀሐይ መግቢያ ስለሆነ ለጀማሪ ማስረዳት አያስቸግርም።

በተኩስ መሀል ድልድዩን በሩጫ መሻገር ብቻ ከሆነ ፍላጎትህ፣ ማንንም ካልነጠቅክ፣ ያ አክት አንደር ፋየር ነው፣ አደጋ ላይ ሆኖ ነገር መስራት፣ «ኩል» የሚባለውን ቁጥር ደምረህ ነው የሚጣለው። ከ7 እስከ 9 ከሆነ መሪው ክፉ ምርጫ ያቀርብልሃል፣ አህያዋን ወይስ ጓደኛህን ዓይነት።

ሁለተኛው እትም ያልጠረጠረ ወይም መከላከል የማይችል ሰው ላይ የሚደረገውንም ለየው። መሪውን ትጠይቃለህ፦ ልስት እችላለሁ? ከተቻለ እንደ ጎ አግሮ ይጣላል፣ ሰውዬው ግን እሺ ብሎ የመትረፍ ምርጫ የለውም። ካልተቻለ ጉዳቱ እንዳለ ይደርሳል። በጨለማ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ወደታች ለሚተኩስ መልሱ አዎ ትስታለህ ነው፣ አጠገቡ ለተኛ ሰው ከሆነ ዳይስ አያስፈልግም።