ዋይት ባላንስ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«ፎቶው ቀለሙ ተበላሸ? አብሽር፣ ዋይት ባላንሱን መልስለት፣ ያልቃል።» ይህችን ምክር አንድ በጣም የሚደመጥ ሰው ሰሞኑን ደግሞ ሲናገራት ሰማሁ። ዋይት ባላንስ የብርሃኑን ቀለም አመጣጥኖ ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርግ ማስተካከያ ነው። እዚህ ደሴ ወደ ስቱዲዮዬ የሚመጣው ደንበኛም ሥራው የአንድ ደቂቃ መሆኑን አምኖ ነው የሚገባው፤ ዋጋ ሲሰማ ያኮርፋል።

ምክሩ ለአንድ ዓይነት ብልሽት ልክ ነው። ሰውየው ግን ከለር ካስትን (ፎቶው ወደ አንድ ቀለም ማዘንበሉን) ሁሉ አንድ በሽታ አድርጎታል። እንደሱ አባባል የተበላሸው ቀለም ከላይ የተደረበ ነው፤ ሲነሳ ከሥሩ እውነተኛው ፎቶ ይወጣል። ከሥር ምንም የለም! በጄፔግ (በተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል) አንድ ፒክስል፣ ማለትም የፎቶው አንዷ ነጥብ፣ ሦስት ቁጥር ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። ሌላ የተደበቀ ቀለም የትም አልተቀመጠም።

ዋይት ባላንስ እነዚህን ቁጥሮች ያባዛል፤ ሥራው ይኸው ነው። በአምፖል ብርሃን የተነሳ ግራጫ ግድግዳ ቀይ 180፣ አረንጓዴ 140፣ ሰማያዊ 70 ሆኖ ቢገኝ፣ ቀዩን በ0.78 ሰማያዊውን በ2 ስታባዙ ሦስቱም 140 ላይ ይገናኛሉ፣ ግድግዳውም ግራጫ ይሆናል። (ሰማያዊው በ2 ሲባዛ በውስጡ ያለው ኖይዝ የሚባል የዘፈቀደ ብጥብጥም አብሮ ይባዛል። በጥላው በኩል ሽፍታ የሚወጣው ለዚህ ነው።) ካሜራው ጄፔግ ሲያዘጋጅ ብሩሁንና ጨለማውን እኩል ስለማይዘው፣ ለግድግዳው የሠራው ብዜት ለጥቁር ኮት ላይሠራ ይችላል። ያኔ ከርቭስ (ብሩሁንና ጨለማውን ለየብቻ የሚያስተካክል መሣሪያ) ከፍቶ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ማየት ግድ ነው።

ክራር የያዘ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። አውታሩ ከላላ ታጠብቁታላችሁ፣ ድምፁ ይመለሳል። ከተበጠሰ ግን መቃኛውን እስከ ማታ ብታዞሩት ለውጥ የለውም። የፎቶ ብጥስ የሚታየው 0 እና 255 ላይ ነው። በሰማያዊ ኤልኢዲ መብራት ብቻ በደመቀ የሰርግ ድንኳን ውስጥ የሙሽራው ፊት ላይ ቀዩ 0 ከሆነ፣ 0 በምንም ቢባዛ 0 ነው። በሌላው ጫፍም ያው ነው፤ ግንባር፣ ነጠላና አምፖል ሦስቱም ቀያቸው 255 ከደረሰ፣ በ0.78 ስታባዙት ሦስቱም እኩል 199 ገደማ ይሆናሉ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ካሜራው ሲያነሳ ቀርቷል። ራው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር ያስቀመጠው ጥሬ መረጃ) እዚህ ይረዳል፤ 14 ቢት (እያንዳንዱ ቁጥር 14 የ0 ወይም የ1 አሃዝ) ከሆነ በ256 ፋንታ 16,384 ደረጃ አለው፣ ዋይት ባላንሱም ገና አልታተመበትም። ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ራሱ ሞልቶ ከፈሰሰ ግን ራውም አያድነውም።

ታዲያ ያንን ሰማያዊ ፊት እንዴት ነው የምትመልሱት ትሉኝ ይሆናል። አልመልሰውም። ዝርዝሩን ከአረንጓዴው ቻናል ወስጄ ቀዩን ከሌላ ፎቶው ላይ እየተመለከትኩ አቀልመዋለሁ። ዘፋኙ የተበጠሰውን አውታር በድምፁ ሸፍኖ ዘፈኑን እንደሚጨርሰው ማለት ነው፤ ሰርገኛው ላያውቅ ይችላል፣ አውታሩ ግን እንደተበጠሰ ነው። ደንበኛዬም የተገመተ ቀለም እንደሚከፍልበት ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ግን ያልተበላሸውን ማረም ነው። እኛ የባቲና የአምባሰል አገር ሰዎች ነን፤ ባቲ የተቃኘ ክራር ሰምቶ «ትዝታው ተበላሽቷል» የሚል የለም። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ነው። የኩራዝ ነበልባል 1,900 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ የቀን ፀሐይ 5,500 ገደማ። በኩራዝ የተነሳ የቡና ሥነ ሥርዓት ወርቃማ የሚሆነው ቅኝቱ ስለሆነ ነው። አውቶ የሚሉት ቁልፍ ደግሞ ቅኝት አያውቅም። ብዙዎቹ ቀላል ዘዴዎች የፎቶው አማካይ ቀለም ግራጫ መሆን አለበት ብለው ነው የሚነሱት። ላሊበላ ሄዳችሁ ቤተ ጊዮርጊስን ከቅርብ ብታነሱ፣ ፍሬሙን ቀይ ድንጋይ ይሞላዋል፤ አውቶው «ቀይ በዝቷል» ብሎ ይጎትተዋል፣ ድንጋዩም የሲሚንቶ መልክ ይዞ ይመጣል።

«ነጠላው ላይ ጠቅ ማድረግ ነው» የሚለውም ምክር (ነጭ ነገር ጠቁሞ ዋይት ባላንሱን በሱ ማስተካከል ማለት ነው) እንዲሁ ጎደሎ ነው። ነጠላው ነጭነቱ 255 ከደረሰ ምንም አይነግራችሁም፤ ትንሽ ጠቆር ያለ እጥፋቱን ምረጡ። በሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጡት እናት ነጠላ ለእሳቸውና ለአጠገባቸው ሰዎች ብቻ ነው የሚያገለግለው። ድንኳኑ በር ላይ የቆመው ሚዜ ሌላ ብርሃን ውስጥ ነው፤ እናትየዋን ስታስተካክሉ እሱ ብርቱካን ይሆናል። በማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ በሚመርጥ መሣሪያ) ለየብቻ መሥራት ነው።

ከላላውና ከተበጠሰው ሌላ ሦስተኛ ብልሽት አለ፤ ሰውየው ጭራሽ አላነሳውም። ፎቶው ከላይ ደህና ሆኖ ከመሃል ጀምሮ ወደ ታች ሮዝ ወይም አረንጓዴ የሚሆንበት፣ አንዳንዴም ምስሉ ወደ ጎን የሚንሸራተትበት። ሚሞሪ ካርድ ካሜራው እየጻፈበት ሲነቀል ወይም ካርዱ ሲያረጅ ይመጣል። ከብርሃን ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጄፔግ ፎቶውን 8 በ8 ወደ ሆኑ ብሎኮች ይከፍላል፤ የአንዱን ብሎክ አማካይ የሚጽፈው ካለፈው ብሎክ በስንት እንደሚለይ ነው። አንዱን አውታር ከጎረቤቱ እየሰሙ እንደመቃኘት ነው፤ አንዱ ላይ ጆሮ ከሳተ ተከታዮቹ ሁሉ በዚያችው ልክ ይስታሉ። አንዲት የተበላሸች ቢት ከሷ በኋላ ያለውን በሙሉ የምታቀልመው በዚህ ነው። አንዳንድ ካሜራ በየመሃሉ ቆጠራውን ከ0 የሚያስጀምር ምልክት ይጽፋል፤ በዚያ ፋይል ላይ ቀለሙ የሚበላሸው በአግድም አንድ ሰቅ ብቻ ይሆናል።

እዚህ የተጨመረ ቁጥር እንጂ የተባዛ ስለሌለ ዋይት ባላንስ መድኃኒቱ አይደለም። ብልሽቱ የጀመረበትን ብሎክ ፈልጎ፣ (ጄፔግ በውስጡ ፎቶውን የሚያስቀምጠው አንድ የብርሃንና ሁለት የቀለም ክፍል አድርጎ ነው) በነዚህ ክፍሎች ላይ የተጨመረውን ከዚያ ወደ ታች መቀነስ ነው። ደስ የሚለው፣ ስክሪን ላይ 255 ደርሶ የጠፋ የሚመስለው ዝርዝር በፋይሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ አለ፤ ቁጥሩ ከ255 አልፎ የሚቆረጠው ፋይሉ ተፈትቶ ወደ ፒክስል ሲቀየር ነው። በተራ ኤዲተር ከፍታችሁ ሴቭ ያላችሁ ለት ግን ብጥስ ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ፎቶ ካላችሁ በዚያ ሚሞሪ ሌላ ፎቶ አታንሱበት፣ ፋይሉንም ሳትነኩት ኮፒ ያዙ። በቴሌግራም ስትልኩልኝ እንደ ፎቶ አትላኩት፣ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ እንደገና ይጨመቃል፣ የተሰበረችው ቢት የነበረችበት ቦታም ከዚያ በኋላ አይገኝም።