«ጥቃት ይጋባል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የትልልቅ ከተሞች ወጣቶች ለምን ይገዳደላሉ ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አይጠፋም። ድህነት፣ ሥራ አጥነት፣ አባት የሌለበት ቤት፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ሙዚቃው፣ ስልኩ። ሁሉም ውስጥ የተወሰነ እውነት አለ። ግን አንድ ነገር ሳይመለስ ይቀራል። በአንድ ድሃ ሰፈር፣ በአንድ ዓይነት ችግር የሚያድጉ ልጆች ብዙ ናቸው። ሽጉጥ የሚያነሳው ጥቂቱ ነው። ለምን እሱ? ለምንስ በዚያ ሳምንት?

ከተሰጡት መልሶች ሁሉ እኔን ያሳመነኝ «ጥቃት ይጋባል» የሚለው ነው። ጥይት እንደ ሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ማለት ነው። የቀረበ ይያዛል፣ የተያዘ ደግሞ ሌላውን ያስይዛል። ጉዳዩ በደንብ የተጠናው ቺካጎ ላይ ስለሆነ እዚያው እንቆይ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቁት ዶክተር ጋሪ ስሉትኪን የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ናቸው። በ1980ዎቹ ሶማሊያ ውስጥ በስደተኛ ካምፖች ከሳንባ ነቀርሳና ከኮሌራ ጋር ሲታገሉ ነበር። ያኔ ሶማሊያ ከተጠለሉት ስደተኞች አብዛኞቹ ከኦጋዴን ጦርነት የሸሹ፣ ከእኛው አገር የሄዱ ሰዎች ነበሩ። በኋላም ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በኤችአይቪ ላይ ሠርተው በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ቺካጎ ተመለሱ። እዚያ የተኩሶችን ካርታ ሲያዩ የሚያውቁት ነገር ገጠማቸው። ነጥቦቹ በከተማው ላይ እኩል አልተበተኑም። እዚህ ጥቅጥቅ፣ እዚያ ጥቅጥቅ ብለዋል። የወረርሽኝ ካርታም እንዲሁ ነው።

ነገሩ ከምሳሌ ያለፈ መሆኑን ያሳየው ግን የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው አንድሪው ፓፓክሪስቶስና ባልደረቦቻቸው በ2017 ያወጡት ጥናት ነው። ከ2006 እስከ 2014 ቺካጎ ውስጥ ማን ከማን ጋር አብሮ እንደተያዘ የፖሊስ መዝገብ አገላበጡ። ሰዎቹንም እንደ መረብ አያያዟቸው። ከዚያ በጥይት የተመቱትን በዚያ መረብ ላይ ፈለጉ። ከ11,000 በላይ ከሆኑት የተኩስ ጉዳቶች 63 በመቶው በመተላለፍ የሚገለጽ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ተመትቶ የሚቀርበው ሌላው እስኪመታ ደግሞ በአማካይ 125 ቀን ያልፋል። አራት ወር ማለት ነው። እኔ ይህን ቁጥር ሳስብ የሚያንገበግበኝ፣ በአራት ወር ውስጥ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻል እንደነበር ነው።

እንዴት ነው የሚጋባው?

እንበልና ሁለት የ17 ዓመት ልጆች ኢንስታግራም ላይ ይነታረካሉ። መነሻው በሴት ልጅ መቀናናት፣ የ20 ዶላር ዕዳ ወይም ፓርቲ ላይ የተፈጠረ ግፊያ ሊሆን ይችላል። አንዱ ላይቭ ይገባና የሌላውን የሞተ ጓደኛ ስም እየጠራ ይሳደባል። ቺካጎ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስድብ ማግኘት ይቸግራል። የሰፈር ቡድኖች አንዳንዶቹ የሚጠሩት በተገደለ ጓደኛቸው ስም ነውና። ስድቡን ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። ድሮ ቢሆን ሁለቱ ጥግ ይዘው ተደባድበው ይለያዩ ነበር። አሁን ተመልካቹ ብዙ ነው፣ ቪዲዮውም አይጠፋም። ዝም ያለ «ፈራ» ይባላል። ፈሪ የተባለ ልጅ ደግሞ ነገ ማንም የሚዳፈረው ይሆናል። ስለዚህ ሽጉጥ ይዞ ይወጣል።

የተመታው ልጅ ወንድም አለው። የአክስት ልጅ አለው። አብሮ አደግ አለው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆመው ማን እንደተኮሰ ያውቃሉ። ፖሊስ ግን አያውቅም፣ የሚነግረውም የለም። የሚናገር ሰው ቤቱ እንደሚተኮስበት ያውቃል። በዚያ ላይ ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች ከፖሊስ ጋር ያላቸው ታሪክ መራራ ነው። ሰው ሳይሞት ከቀረባቸው ተኩሶች ውስጥ ከአስር አንዱ እንኳ ተጠርጣሪ ያልተያዘባቸው ዓመታት ነበሩ። መንግሥት ካልፈረደልህ ማን ይፈርድልሃል? ደም መላሽና ደመኛ ባለበት አገር ላደግን ለእኛ የዚህ ጥያቄ ክብደት ይገባናል።

ከቂም እኩል የሚጋባው ፍርሃት ነው። ሽጉጥ የሚይዙ ልጆች ለምን ስትሏቸው ብዙዎቹ ራሴን ልጠብቅ ብዬ ነው ይላሉ። አልዋሹም። እሱ ይዟል ብሎ ይህ ይይዛል፣ ይህ ይዟል ብሎ ሦስተኛው ይይዛል። ሽጉጥ ኪሱ የገባ ልጅ ደግሞ ድሮ በቡጢ የሚያልፈውን ጸብ በጥይት ይጨርሰዋል። ሽጉጡን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ቺካጎ ውስጥ ፖሊስ ከሚይዛቸው ሽጉጦች ከግማሽ በላይ ከሌላ ስቴት የገቡ ናቸው፣ በተለይ ድንበር ላይ ካለችው ኢንዲያና።

«ታዲያ ድህነት ምክንያት አይደለም እያልክ ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ድህነትም ድርሻ አለው። ሳንባ ነቀርሳም ጠባብና አየር የሌለው ቤት ይወዳል። ቺካጎ ጥቁሮችን ከባንክ ብድርና ከጥሩ ሰፈር አግዳ የኖረች ከተማ ናት። የከተማዋን ደቡብ ያኖሩት የብረት ፋብሪካዎች ከ1980 ጀምሮ አንድ በአንድ ተዘጉ። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሀብታሞቹ በሚኖሩበት ስትሪተርቪል ሰው በአማካይ 90 ዓመት እንደሚኖር ሲጠበቅ፣ ጥቁሮች በሚኖሩበት ድሃው ኢንግልውድ ግን 60 ነው። አንድ ከተማ ውስጥ የ30 ዓመት ዕድሜ ልዩነት!

ትልልቆቹ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች፣ እነ ሮበርት ቴይለር፣ ሲፈርሱ ነዋሪው በየሰፈሩ ተበተነ። የጋንግ አለቆቹም በ1990ዎቹ ታስረው ነበር። ማንም ለእነሱ አያዝንም። ነገር ግን ድሮ «አቁሙ» ሲል የሚሰማ አለቃ ነበር። ዛሬ በየብሎኩ ያለው አለቃ የሌለው የጓደኛሞች ስብስብ ነው፣ ከማን ጋር እንደምትደራደር አይታወቅም። በ2013 ደግሞ ከተማዋ 50 ያህል ትምህርት ቤቶችን በአንዴ ዘጋች። ልጆቹ አዲሱ ትምህርት ቤት ለመድረስ የሌላ ቡድን ሰፈር ማቋረጥ ግድ ሆነባቸው። ከተማዋ ራሷ አደጋው ስለገባት ጠዋትና ማታ መንገድ ላይ ቆመው የሚጠብቁ አዋቂዎች ቀጠረች።

የሚጋባ ነገር ከሆነ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። የዶክተር ስሉትኪን ፕሮግራም በ2000 ዌስት ጋርፊልድ ፓርክ በሚባል ሰፈር ሲጀመር የቀጠረው ሰባኪ ወይም ፖሊስ አይደለም። በፊት ቡድን ውስጥ የነበሩ፣ ታስረው የወጡ፣ ልጆቹ የሚያከብሯቸው የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ አስታራቂዎች እንበላቸው። አንድ ልጅ ተመትቶ ሆስፒታል ሲገባ ወደ ጓደኞቹ ይሄዳሉ። «ኃጢአት ነው» አይሉም። «ዛሬ ማታ አትውጣ። ነገ እንነጋገር» ይላሉ። ቁጣው እስኪበርድ ጊዜ መግዛት ነው ሥራቸው። ልጁን ምሳ ይጋብዙታል፣ መኪና ውስጥ አስገብተው ያዞሩታል፣ አያቱ ጋ ይወስዱታል። ደም ለማድረቅ በሁለት ቤተሰብ መሃል የሚመላለሱ ሽማግሌዎቻችን ይህን ሥራ ቢያዩ እንግዳ አይሆንባቸውም። የሰሙትን ለፖሊስ አይናገሩም። በዚህ ምክንያት ከፖሊስ ጋር ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ግን አንዴ ተናገሩ ቢባል ማንም ልጅ በሩን አይከፍትላቸውም።

ሌላው መንገድ ልጁ ራሱ ውስጥ ያለችውን ቅጽበት መንካት ነው። ቺካጎ ውስጥ «ቢካሚንግ ኤ ማን» የሚባል ፕሮግራም በየትምህርት ቤቱ ወንዶች ልጆችን በሳምንት አንዴ ያሰባስባል። ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶች አንዷ እንዲህ ናት። ልጆቹ ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ለአንዱ ኳስ ይሰጠዋል። ሌላው፣ «ኳሷን ከጓደኛህ እጅ ለማውጣት 30 ሰከንድ አለህ» ይባላል። ክፍሉ ይቀወጣል። ጣት መጠምዘዝ፣ መታገል፣ መሬት ላይ መንከባለል። ሰዓቱ ሲያልቅ መሪው «ለምን ስጠኝ ብላችሁ አልጠየቃችሁም?» ይላቸዋል። «አይሰጠኝም ብዬ» ይላል አንዱ። «የምለማመጥ ይመስለዋል» ይላል ሌላው። መሪው ወደ ያዡ ይዞርና «ቢጠይቅህ ምን ትለው ነበር?» ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «እሰጠው ነበር፣ ኳስ እኮ ናት» የሚል ነው።

ልጆቹ ክፉ አይደሉም። መንገድ ላይ ሲኖሩ ቶሎ መቆጣት ጠብቋቸዋል። የተነካ ሁሉ ወዲያው ካልመለሰ ይጠቃል። ችግሩ ያው ቁጣ ክፍል ውስጥም፣ አውቶቡስ ውስጥም፣ ሽጉጥ ባለበትም ሳይጠራ መምጣቱ ነው። ፕሮግራሙ የሚያስተምረው ያለህበት ቦታ የትኛው እንደሆነ ቆም ብሎ ማየትን ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልጆቹን በዕጣ ለይተው በሠሯቸው ሁለት ጥናቶች፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የነበሩት በጥቃት ወንጀል የመያዛቸው ቁጥር ከ45 እስከ 50 በመቶ ቀንሷል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ግን ይህ ውጤት ደብዝዟል። ለዚህም ነው የአንድ ዓመት ሙከራ ብቻ የሚመድቡ ከንቲባዎች የሚያናድዱኝ።

የክረምት ሥራም ረድቷል። በ2012 ጥቃት ከበዛባቸው ሰፈሮች በዕጣ የተመረጡ ተማሪዎች ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት 25 ሰዓት፣ በዝቅተኛው ደመወዝ ሠሩ። በቀጣዮቹ 16 ወራት በጥቃት ወንጀል መያዛቸው ዕጣ ካልደረሳቸው በ43 በመቶ አነሰ። ቅነሳው በአብዛኛው የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ከመንገድ ማራቁ ብቻ አይደለም የሠራው።

የአስታራቂዎቹ ውጤት ግን ይለያያል። ቺካጎ ላይ በ2008 የወጣው ግምገማ በብዙ ቦታዎች መቀነስ አየ። ፒትስበርግ ላይ ተመሳሳይ ፕሮግራም ለውጥ አላመጣም። በ2015 ቺካጎ ያለችበት የኢሊኖይ ስቴት በጀት ሲታነቅ የአስታራቂዎቹ ገንዘብ ተቋረጠ። በ2015 ከ500 በታች የነበረው የቺካጎ ግድያ በ2016 ከ750 በላይ ሆነ። በዚያው ሰሞን አንድ ፖሊስ በ2014 የ17 ዓመት ልጅ ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ነበር፣ የፖሊስ ፍተሻም በጣም ቀንሷል። የቱ የትኛውን እንዳመጣ ለይቶ መናገር አይቻልም። የአስታራቂዎቹን ሥራ እንደ ተአምር የሚያወሩ ሰዎች ይህን መዝለል የለባቸውም።

አሜሪካ ልጅ ለምታሳድጉ ወገኖቼ ከዚህ ሁሉ የሚወጣ አንድ ጥያቄ አለ። ልጃችሁን «ከማን ጋር ትውላለህ?» ከማለት ይልቅ «የምታውቀው ሰው ተመትቷል?» በሉት። መልሱ አዎ ከሆነ ቀጣዮቹን አራት ወራት በጣም ቅረቡት። ልጃችሁ ራሱ ተጎድቶ ሆስፒታል ከገባ፣ ከቁስሉ ሌላ በቀልን የሚያበርድ ሠራተኛ እንዳለ ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ጠይቁ፣ ብዙ የከተማ ሆስፒታሎች አላቸው። ለአንድ ክረምት ሌላ ስቴት አክስቱ ጋ መላክም ነገሩ እንዲበርድ ጊዜ ይሰጣል፣ እንደ ቅጣት ካልተነገረው። ግን ስልኩ አብሮት ይሄዳል። ከመመለሱ በፊት ከዚያኛው ልጅ ቤተሰብ ጋር የሚነጋገር ሰው መገኘት አለበት።