ብድር በምድር፦ ከሌማት እስከ ፖስታ

ባለፈው እሁድ ሠርግ ልንሄድ ስንል ወዳጄ መኪና ውስጥ ፖስታ ያሽጋል። «ሙሽራው በ2009 ለኔ ሠርግ 500 ብር ነው ጣል ያደረገልኝ» አለ፣ አምስት መቷን ቆጥሮ እየከተተ። «ብድር በምድር!» ፊቱን ብታዩት ስጦታ ሳይሆን ጥይት የሚያጎርስ ነው የሚመስለው።

እኔ ይህን አባባል የሰማሁት ከአያቴ አፍ ነው።

ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ጥር ሲገባ ሠርግ ነው። ዳስ የሚጥለው ጎረቤት ነው። ሴቶቹ እንጀራውን በሌማት፣ ጠላውን በገንቦ ይዘው ይመጣሉ። የአክስቴ ሠርግ ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩና ጸሐፊ አደረጉኝ። ደጃፉ ላይ በርጩማ ተሰጠኝ። «30 እንጀራ፣ አንድ ገንቦ ጠላ» ብዬ ስጽፍ አያቴ ከኋላዬ ቆማ «ገንቦው እስከ አፉ ሙሉ መሆኑንም ጻፍ» ትለኛለች። ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ሰው ብዘል ግን ወዲያው ታውቅብኝ ነበር።

ሌማቱ ባዶውን አይመለስም፤ ቢያንስ ቆሎ ጣል ይደረግበታል። ዋናው ብድር የሚከፈለው ግን ሴትዮዋ በተራዋ ልጇን ስትድር ነው፤ ያውም ሠላሳው ሠላሳ አንድ ሆኖ። አያቴን «አንዷ ለምን?» ብላት፣ «እኩል ከመለስንማ ተቆራረጥን ማለት አይደል?» አለችኝ።

ብዙ ሰው «በምድር» የሚለውን ከሰማይ ጋር ያያይዘዋል፤ ሳትሞት ክፈል እንደማለት። ይሁን። እኔ ግን ምድሩ እርሻው ነው ባይ ነኝ። ወንፈልን አስቡት። ዛሬ በሬህን ጠምደህ የኔን ታርሳለህ፣ በሳምንቱ እኔ ያንተን። ደቦ ከሆነ አብልተህ አጠጥተህ ታሰናብታለህ። የወንፈል ቀን ግን በቀን ነው የሚመለሰው፣ እዚያው አፈሩ ላይ። በምድር! ከማሳው ወደ ሠርግ ዳስ ለመግባት ደግሞ ስንት እርምጃ ነው? የቋንቋ ሊቃውንት ቢቆጡኝም ይህን ሐሳቤን አልለቅም።

አያቴ የምትቆጥረው በእንጀራ ነበር። ሠላሳ እንጀራ ከዐሥር ዓመት በኋላም ሠላሳ እንጀራ ነው። የወዳጄ 500 ብር ግን ከ2009 ወዲህ ስንቱን አይታለች፤ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላማ ተዉት። ያኔ የተሰጠውን ዛሬ ቁጥሩን ብቻ ጠብቆ መመለስ ጎዶሎ ገንቦ ተሸክሞ መምጣት ነው።

አሁን አሁን ደግሞ አባባሉ ጭራሽ ዛቻ ሆኗል። «ብድር በምድር ነው፣ ጠብቅ!» ይባባላል ሰው። ለቂም የሚሆን ሌላ ሞልቶ የለ እንዴ? «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለላችሁ፣ እሱን ውሰዱ። ይህችን ለሌማቱ ተዉልን።

ወዳጄን መንገድ ለመንገድ ይህን ሁሉ ነዘነዝኩት። ዳሱ በር ላይ ስንደርስ ፖስታውን ከፍቶ መቶ ብር ጨመረ። «ይኸውልህ፣ ሠላሳ አንደኛዋ እንጀራ!»

ደብተሩ በእጄ ቢሆን «ገንቦው ጎዶሎ» ብዬ እጽፍበት ነበር።