መከላከል በልጆች የአሜሪካ ፉትቦል

በአሜሪካ ፉትቦል እያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች ያሰልፋል። አጥቂው በአራት ሙከራ 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) መግፋት አለበት፤ ካቃተው ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። መሠረታዊው ሕግ ለልጆችም ለአዋቂዎችም በአብዛኛው ያው ነው። አከላከሉ ግን ለየቅል ነው።

ትንንሽ ልጆች ረጅም ኳስ መወርወርም መቅለብም ገና አይሆንላቸውም። ስለዚህ ጥቃቱ በአብዛኛው ሩጫ ነው፤ ያውም በዳር በኩል። ፈጣኑ ልጅ ኳሱን ታቅፎ ወደ ጠርዝ ይፈተለካል። አንዴ ከዞረ ማን ይደርስበታል? ለዚህ ነው ብዙ አሰልጣኞች ስድስት ወይም አምስት ልጆችን ፊት መስመር ላይ፣ ሁለት ወይም ሦስት ላይንባከር የተባሉ ተከላካዮችን ከጀርባቸው የሚያቆሙት። አሰላለፉም 6-2 ወይም 5-3 ይባላል። መስመር ላይ ላለ ልጅ የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፦ ይህ ክፍተት ያንተ ነው፣ ማንም እንዳያልፍበት።

ከሁሉም የሚከብደው የዳሩ ተከላካይ፣ የዲፌንሲቭ ኤንዱ ሥራ ነው። እሱ ሯጩን የግድ መጣል የለበትም። በውጭ በኩል እንዳይዞር ዘግቶ ጓደኞቹ ወዳሉበት ወደ መሃል ከመለሰው በቂ ነው። ችግሩ የሚመጣው ኳሱ በሌላኛው ዳር ሲሄድ ነው። ልጆች እንደ ንብ መንጋ ኳሱን ይከተላሉ። ኤንዱም ቦታውን ትቶ አብሮ ይሮጣል። ይሄኔ ኳሱ በተቃራኒ አቅጣጫ ለሚሮጥ ሌላ ልጅ ይሰጣል፤ የተተወው ዳር ወለል ብሎ ይጠብቀዋል። ጎበዝ አሰልጣኝ በልምምድ ላይ ዓይኑን ከኳሱ ያነሳና ከኳሱ ርቆ የቆመውን ልጅ ያያል። ቦታውን ሲጠብቅም ጮክ ብሎ ያመሰግነዋል። ያ ልጅ ማንም የማያጨበጭብለትን ሥራ ነውና የሚሠራው፣ ምስጋናው ይገባዋል።

ኳስ የያዘውን ልጅ አጣጣል ላይ ቀልድ የለም። ልጁ ቀና ብሎ፣ ጭንቅላቱን ከግጭቱ አርቆ፣ በትከሻው ገጥሞ እግር ማቀፍን መልመድ አለበት። በ1929 ፊላደልፊያ ውስጥ የተመሠረተው ፖፕ ዋርነር የተባለው የልጆች ሊግ በ2012 የግጭት ልምምድን ከጠቅላላው የልምምድ ጊዜ ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ አደረገው። ከ3 ያርድ በላይ ተራርቆ ፊት ለፊት መላተምንም ከለከለ። በካሊፎርኒያ ከ2021 ጀምሮ ሙሉ ግጭት ያለበት ልምምድ በሳምንት ከሁለት ቀን፣ በቀን ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ በሕግ ተገድቧል። ይህ መከላከልን አያዳክምም። ክፍተት መጠበቅም ሆነ ዳር መዝጋት ያለ ምንም ግጭት፣ በእርምጃ ፍጥነት ሊለመድ ይችላል።